የእናቶቻችን ሊጥ ይጻፍ

(መቀሌ ላይ በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ስለ አገር እድገትና ስለ ምሁር ኀላፊነት ብዙ በተነገረበት በዚህ መድረክ እኔ ስለ ህምባሻ ልናገር መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሳያሰኝ አይቀርም። ፈገግታችሁን በደስታ እቀበላለሁ፤ እስከ መጨረሻው እንድትታገሡኝ ግን እለምናለሁ።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ የአሜሪካ ኬክ አሠራር አግኝቼ፣ ዱቄቱን በግራም፣ ወተቱን በሚሊ ሊትር ለክቼ፣ እንደ ቤተ ሙከራ ሥራ አንዲት ነገር ሳላጓድል ጋገርሁ። ኬኩ በምድጃው ውስጥ ግሩም ሆኖ ተነሣ፤ ወዲያው ደግሞ መካከሉ ጎድጉዶ ቀረ። አደይ አየችና «ልጄ፣ ይህ ኬክ ነው ወይስ ሳሕን?» አለችኝ።

ምክንያቱን የደረስሁበት ኋላ ነው። መቀሌ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ስለ ሆነ በሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ቶሎ ይነፋል፤ ሊጡም በስሎ ሳይጸና አብጦ ይወድቃል። ውሃ እንኳ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። በራስዋ በአሜሪካ፣ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በዴንቨር፣ ጋጋሪዎች ቤኪንግ ፓውደሩን እየቀነሱ የመጽሐፉን ልክ ያሻሽላሉ። መጽሐፉ አልዋሸም፤ የተጻፈው ግን ለሌላ ምድር ነው።

በዚያው ቀን አደይ ህምባሻ ጋገረች። የስንዴ ዱቄቱን ከእርሾ፣ ከጨው፣ ከጥቂት ስኳር፣ ከኮረሪማ፣ ከጥቁር አዝሙድና ከዘቢብ ጋር አቦካች። ሊጡ ሲነሣ ክብ አድርጋ ዘርግታ በቢላዋ ጫፍ የጋሪ ጎማ የመሰለ ጌጥ አወጣችለት፤ በሞጎጎ ላይም እያገላበጠች አበሰለችው። የእርስዋ አልወደቀም! ልኩን ብጠይቃት «ውሃው እስኪበቃው፤ ሊጡ እጅህን እስኪለቅ» ከማለት በቀር ሌላ ቍጥር አልነበራትም።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ነገሬ ከዚህ ላይ ነው። የውጭው እውቀት ተጽፏል፤ ለእኛ ምድር ግን አልተለካም። የእናቶቻችን እውቀት ለምድራችን ተለክቷል፤ ግን አልተጻፈም።

እ.ኤ.አ. በ1796 አሚሊያ ሲመንስ የምትባል ወላጅ አልባ ሴት በኮኔቲከት፣ በሀርትፎርድ ከተማ፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ አሳተመች። በአሜሪካዊ ደራሲ የተጻፈ የመጀመሪያው የምግብ መጽሐፍ ተብሎ ይታወቃል። የፖም ፓይ ከእንግሊዝ የመጣ ነበር፤ እርስዋ ግን በአገሩ ዱባና በቆሎ የሚሠራውንም አብራ ጻፈች። ዛሬ አሜሪካውያን ሁለቱንም የአያቶቻችን ቅርስ ይላሉ። እንግዲህ «ስኳሩና ዘቢቡ የሱቅ ነውና ህምባሻ ንጹሕ ቅርስ አይደለም» ለሚሉ መልሱ ይኸው ነው፤ ቅርስ የሚሆነው እጅ ያለመደውና ትውልድ የተቀበለው ነገር ነው።

ጉዳዩ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ዱቄት ብርቅ ሆኖ፣ መብራትና ባንክ ተቋርጦ፣ ስንት ሞጎጎ ቀዝቅዞ እንደ ከረመ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ጊዜ ያጣናቸው እናቶችና አያቶች እጃቸው የሚያውቀውን ይዘውት ሄደዋል። በአንድ እጅ ብቻ ያለ እውቀት ከእጁ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሚመጣው ዕረፍት እያንዳንዳችን ሚዛንና ደብተር ይዘን ከእናታችን አጠገብ እንቀመጥ። እርስዋ እንደ ልማድዋ በእፍኝ ትዝገን፤ እኛ ግን ወደ ቡሖ ዕቃው ከመግባቱ በፊት እንመዝን። ዱቄቱ ከንጹሕ ስንዴ ወይስ ገብስና ስንዴ ተቀላቅለው ከሚዘሩበት ከሐንፈጽ እንደ ሆነ፣ ሊጡ ስንት ሰዓት እንዳደረ እንጻፍ። ከሌላ ክፍለ አገር የመጣችሁም በኮባ ቅጠል የሚጋገረውን ድፎ ዳቦና የቡሄውን ሙልሙል አምጡልን።

በተለይ ወንዶች ልጆች፣ ስለ ባህላችን ክብር በየመድረኩ እንናገራለን፤ ሊጥ ግን ነክተን አናውቅም። እጃችን ሊጥ ቢነካ ክብራችን አይጎድልም። እኔ አንድ ኬክ አበላሽቼ ነው ይህን የተማርሁት፤ እናንተ ሳታበላሹ ተማሩት።