በምስጥ አገር ቤት መሥራት
(ለጉባኤ ሽማግሌዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች በአርባ ምንጭ የተሰጠ ንግግር)



አዲስ የጸሎት ቤት ወይም ጤና ኬላ ለመሥራት የተነሣ ሕዝብ አስቀድሞ የሚጠይቀን ስለ ቆርቆሮና ስለ ሚስማር ነው። እንጨቱ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቀን ጥቂት ነው። ዛሬ ስለዚሁ ስለ እንጨቱ እንድንነጋገር እንወዳለን።

ለከተማችን ስም ያወጡላት ምንጮች የሚፈልቁት ከዳገቱ ግርጌ ነው፤ ከሥሩ ባለው ውሃ የሚኖረውም ደን ከዚያ ወደ ሐይቆቹ ይዘረጋል። እናቶችና ልጃገረዶች ከዚያ ደን እንጨት ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ ሁላችንም እናያለን። በእነርሱ ላይ ለመፍረድ አልመጣንም፤ የሚገዛው እኛ ነንና።

የጭቃ ቤት አፈሩና ጭዱ መልካም ነው። እንጨት የሚበላው ግን ጥቅጥቅ ብሎ የሚተከለው ግድግዳና ማገሩ ነው፤ ይልቁንም በቆላ ምስጥ ሲገባበት ያው ሥራ እንደገና ይጀመራል። እኛም በአንድ መጋዘናችን ላይ ይህ ደርሶብናል። ለመቸኮል ብለን አጠናውን በቀጥታ መሬት ውስጥ ተከልነው። በሦስተኛው ዓመት ግድግዳው በጣት ሲነካ ጭቃው ብቻ ቀርቶ ተገኘ። ከለጋሾች የተሰጠንን ገንዘብ ሁለት ጊዜ ከፈልን፤ ዛፉንም ሁለት ጊዜ ቆረጥን።

የዶርዜ አባቶች ግን ከምስጥ ጋር መኖርን ያውቁበታል። በጨንቻ ደጋ ያሉትን የቀርከሃ ቤቶች ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ ፊታቸው የዝሆን ፊት ይመስላል። ቤቱ አዲስ ሲሆን ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። ምስጥ ከታች ሲበላው ቤቱ ዝቅ እያለ ይሄዳል እንጂ አይፈርስም፤ ባለቤቱም ያንን አስቦ ነው ከፍ አድርጎ የሠራው። ቦታ መለወጥ ቢያስፈልግ ጎረቤት ተጠርቶ ቤቱን አንሥቶ ይሸከመዋል። ብሎኬት ቤት ይህን አያደርግም!

ሆኖም 300 ሰው የሚይዝ አዳራሽ በዚህ ዓይነት እንሥራ አንልም። እኛ ልንወስደው የሚገባን ምስጥን አስቀድሞ ማሰብን ነው። እንጨት መሬት አይንካ። ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ይሠራ፤ ድንጋይ በጋሞ ምድር ሞልቷል። ምስጥ በድንጋዩ ላይ የጭቃ መተላለፊያ ሠርቶ ቢወጣም በዓይን ይታያልና ዘበኛው በመጥረጊያ ያፈርሰዋል። የጣሪያውም ክፈፍ ሰፋ ይበል፤ ዝናብ ግድግዳውን እንዳይመታው።

ግድግዳውስ? አንዳንዶቻችሁ ሁሉም በብሎኬት ይሁን ትላላችሁ። ሲሚንቶ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ በ1450 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ተቃጥሎ ነው፤ በዓለም ላይ ሰው ከሚያወጣው የካርቦን ጋዝ 8 ከመቶ ያህሉ ከዚሁ ይመጣል። ዋጋውንም እናንተ ታውቁታላችሁ። የተተኮሰ ጡብም ለእሳቱ ብዙ ማገዶ ይፈልጋል። ስለዚህ በእጅ ማሽን የሚጨመቀውን የአፈር ብሎኬት እንመርጣለን። ሲንቫ ራም የተባለው ማሽን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ የተሠራ ነው፤ በ100 እጅ አፈር ከ5 እስከ 10 እጅ ሲሚንቶ ይበቃዋል፤ እሳት አይነካውም። ጥላ ሥር አስቀምጦ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውሃ ማርከፍከፍ ግን ግዴታ ነው። ውሃውን የሚቀዳው ማን እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ሁልጊዜ ሸክሙ በሴቶች ላይ ይወድቃል።

መረሬ አፈር አትጠቀሙ፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። አፈራችሁን በጠርሙስ ከውሃ ጋር በጥብጣችሁ አሳድሩት፤ አሸዋው ከታች፣ ሸክላው ከላይ ይቀመጣል። አብዛኛው አሸዋ ከሆነና ሸክላውም ካልጠፋ ይሆናል።

የቆርቆሮ ጣሪያ ዝናብ ሲመጣ ሰባኪውን እንዳያሰማ የምታውቁት ነው። በደጋው ያላችሁ ከቆርቆሮው ሥር የቀርከሃ ኮርኒስ አስሠሩ፤ ድምፁንም ሙቀቱንም ይቀንሳል። ቀርከሃው ሦስት ዓመት የሞላው ይሁን፤ ለጋው ቶሎ ይነቅዛል። ሥራውን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ዛሬም በመንደራቸው አሉ፤ ብዙዎቹ ልጆቻቸው ግን አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ሸማ ይሠራሉ። ስለዚህ ለሚቀጥለው አዳራሽ በጀት ስታቀርቡልን የአንድ ቀርከሃ ሠሪ አባትና የሁለት ወጣት ተማሪዎችን የቀን ደመወዝ ጨምራችሁ ጻፉ።