ቀዳዳው ተደፈነ፤ ጎማውስ?

እ.ኤ.አ. ሜይ 29 ቀን 2005 በጀርመኑ የኑርቡርግሪንግ መወዳደሪያ ፊንላንዳዊው ኪሚ ራይኮነን የፎርሙላ ዋን ውድድሩን ከፊት ሆኖ ይመራ ነበር። ወደ ኋላ የቀረ ተወዳዳሪን ደርቦ ሲያልፍ የፊት ቀኝ ጎማው በፍሬን ተይዞ ሳይዞር በአስፋልቱ ላይ ተጎተተ፤ አንዱ ቦታ ተፍቆ ጠፍጣፋ ሆነ። በዚያ ዓመት የፎርሙላ ዋን ደንብ መሠረት በውድድር መሐል ጎማ እንደ ልብ መቀየር አይቻልም ነበር። ቡድኑ ማክላረን እንዳለ ይጨርስ ብሎ ወሰነ። ንዝረቱ ግን ዙር በጨመረ ቁጥር እየባሰ ሄደ፤ ጎማው ሲንቀጠቀጥ በቴሌቪዥን እንኳ በግልጽ ይታይ ነበር። የመጨረሻው ዙር እንደተጀመረ ራይኮነን ለመጀመሪያው ኩርባ ፍሬን ሲይዝ ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዙት ክንዶች ተሰባበሩ። መኪናው ከመንገድ ወጣ፤ ድሉን ፈርናንዶ አሎንሶ ወሰደ። ራይኮነን ጉዳት ሳይደርስበት ከመኪናው ወረደ።

እንዲህ ያለ ጉድለት በከተማ መንገድ ቢያጋጥም መሪው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ጎማው ይቀየራል፣ ያበቃል። በውድድር ፍጥነት ግን ዘመናዊ መኪናን ሰባበረ። የተጠገነ ጎማና የተቃና ቸርኬ አደገኛ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ለብቻው መልስ የማይገኝለት በዚህ ምክንያት ነው። በስንት ፍጥነት የሚለው አብሮት መነሳት አለበት።

ከመሐሉ እስከ ዳሩ 32 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የተለመደ የቤት መኪና ጎማ እንውሰድ። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ16 ጊዜ በላይ ይዞራል። በዚያ ፍጥነት ጥርሱ ላይ ያለች አንድ ግራም ላስቲክ 350 ግራም ያህል በሚመዝን ጉልበት ወደ ውጭ ትጎተታለች። ፍጥነቱ እጥፍ ሆኖ 240 ሲደርስ ጉተታው እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ በአራት ተባዝቶ ወደ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ይጠጋል። ቀዳዳውን የደፈነው መሰኪያም በዚያው ልክ ወደ ውጭ ይገፋል። በዚህ ላይ ሙቀቱ አለ። ጎማ መሬት በነካ ቁጥር ይተኛል፣ ሲነሳ ይመለሳል፤ ይህ መተጣጠፍ በሴኮንድ ከ30 ጊዜ በላይ ሲደጋገም ላስቲኩንና ከሥሩ የተነጠፈውን የብረት ሽቦ ያጣበቀውን ትስስር ያግለዋል። ጎማን የሚገድለው በአብዛኛው ይህ ሙቀት ነው።

አሁን ወደ ጎሚስታው ቤት እንግባ። በየመንገዱ የተለመደው ጥገና ጎማውን ከቸርኬው ሳያወጡ ማስቲሽ የተቀባ ክር ከውጭ በመውጊያ መሰካት ነው። ነፋሱ ይቆማል፤ ደንበኛውም ከፍሎ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ክሩ ቀዳዳውን ከውስጥ በኩል አያሽገውም። ውሃ በስንጥቁ ሾልኮ ከሽቦው ከደረሰ ያዝገዋል፤ ዝገቱም ሽቦውን ከላስቲኩ እያላቀቀ ይሄዳል። በአሜሪካ የጎማ አምራቾች ማኅበር መመሪያ መሠረት ጎማው ከቸርኬው ወርዶ ውስጡ መታየት አለበት፤ ቀዳዳው በመሰኪያ ይሞላል፣ ከውስጥ ደግሞ ልጥፍ ይደረግበታል። የሚጠገነውም መሬት የሚነካው የጥርሱ ክፍል ብቻ ነው፤ ቀዳዳውም ከ6 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ትከሻውና ጎኑ አይጠገኑም፤ ከሁሉ ይበልጥ የሚተጣጠፉት እነሱ ናቸውና ልጥፍ አይበረክትባቸውም።

ጎማውን አውጥቶ ማየት ለምን አስፈለገ? ሚስማሩ ከገባ በኋላ ሾፌሩ ሳያውቅ በጎደለ ነፋስ ብዙ መንገድ ነድቶ ሊሆን ስለሚችል ነው። ያን ጊዜ የጎማው ጎን ከውስጥ እርስ በርሱ ይፋተጋል። ባለሙያው እጁን ከትቶ ሲያወጣ ጣቱ ላይ ደቃቅ ጥቁር የላስቲክ ዱቄት ይቀራል፤ ውስጠኛው ግድግዳም ዙሪያውን ተሸብሽቦና ተፍቆ ይታያል። ከውጭ ሲያዩት እንከን የለውም። እንዲህ የሆነ ጎማ ቀዳዳው የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢደፈን መጣል አለበት። ከውጭ ክር ብቻ የሚሰካ ሰው ደግሞ ይህን ከቶ ሊያየው አይችልም።

ሌላው የፍጥነት ምልክቱ ነው። በጎማው ጎን፣ ከመጠኑ ቁጥር ቀጥሎ አንድ የላቲን ፊደል ተጽፎ ይገኛል። ኤች እስከ 210፣ ቪ እስከ 240፣ ደብልዩ እስከ 270፣ ዋይ እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማለት ነው። ይህ ምልክት የተሰጠው ላልተነካ ጎማ ነው። ከተጠገነ በኋላ ምልክቱ እንዳለ ይቆይ እንደሆነ አምራቾች አንድ ዓይነት መልስ የላቸውም፤ አንዳንዶቹ የፍጥነት ዋስትናቸውን ጨርሶ ያነሳሉ። ሰዎች የራሳቸውን መኪና በመወዳደሪያ ሜዳ እንዲነዱ የሚያዘጋጁ አንዳንድ ክለቦችም የተደፈነ ጎማ ያለውን መኪና አያስገቡም። ትክክል ያደርጋሉ። በሜዳ ላይ የሚነዳ ሰው ጎማውን የሚያስጨንቀው ከኩርባ ኩርባ ያለ ዕረፍት ነውና።

ቸርኬ ሲሆን ጉዳዩ ይከብዳል፤ ጎማ የሚቀየር ዕቃ መሆኑን ሁሉም ሲቀበል ቸርኬን ግን ዕድሜ ልክ እንደሚኖር ብረት የሚያየው ይበዛል። ብዙ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ጥንካሬያቸውን የሚያገኙት በእሳት ነው። ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላሉ፣ ውሃ ውስጥ ይነከራሉ፣ ከዚያ በ150 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት ይቆያሉ። ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የተጣመመውን ቸርኬ በነበልባል አሙቀው በመዶሻ ሲያቃኑት ያ በልኬት የተሰጠ ጥንካሬ ከሞቀው ቦታ ይጠፋል። ብየዳም ከስፌቱ ግራና ቀኝ ያለውን ብረት ያለሰልሳል። ቅርጹ ክብ ሆኖ ሲመለስ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን አንዴ ታጥፎ የተቃና ሽቦ ሲደጋገም የሚበጠሰው በዚያው ቦታ እንደሆነ ሁሉ ቸርኬውም በዚያው ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በመኪናው ሆድ በኩል ባለው ውስጠኛ ጠርዝ ነው፤ ቆሞ ለሚያይ ሰው አይታይም። ላይ ላዩን ተጭሮ የተወለወለና የተቀባ ቸርኬ ስጋት የለውም። የተበየደ ግን ለፍጥነት መንዳት መዋል የለበትም።

ዕድሜም አለ። ተዋናዩ ፖል ዎከር እ.ኤ.አ. በ2013 ካሊፎርኒያ ውስጥ የሞተበት ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ጎማዎቹ 9 ዓመት ገደማ ሆኗቸው ነበር። መርማሪዎች የአደጋውን ምክንያት ከመጠን ያለፈ ፍጥነት ነው ብለዋል፤ የጎማዎቹ ዕድሜ የመኪናውን አያያዝ ሳያበላሸው እንዳልቀረም ጠቅሰዋል። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ ደህና አይደለም። ዲ.ኦ.ቲ. ከሚሉት ፊደላት ጋር ከተጻፈው ቁጥር የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 የሚል ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው።

የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ከተከፈተ ወዲህ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንዳት የውድድር ሾፌሮች ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። ስለዚህ አድማጮች፣ ጎማችሁ ሲተነፍስ ጎሚስታውን ከቸርኬው አውጥቶ ውስጡን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ከውስጥ በልጥፍ እንዲያሽገውም ንገሩት። መንገድ ላይ ቸኩላችሁ ክር ካሰካችሁ በዝግታ ነድታችሁ በማግስቱ በደንብ አስጠግኑት። መኪናችሁን በመወዳደሪያ ሜዳ ልትፈትኑት ካሰባችሁ ደግሞ የተጠገነውን ጎማና የተበየደውን ቸርኬ አስወጥታችሁ ያልተነካ አስገቡ።