በመኪና ቤት ሄደን ያየነው የመዳብ አገር

(በእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ክረምት እኛ ባልና ሚስት ልጃችንን ለመጠየቅ አሜሪካ ሄደን በደኅና መመለሳችንን ታውቃላችሁ። በገበያም በቤተ ክርስቲያን ደጅም "ምን አያችሁ?" እያላችሁ ስታስቆሙን ስለ ከረማችሁ፣ ዳኛችን "ለሁሉም አንድ ጊዜ ይናገሩና ይገላገሉ" ብለው ይህችን ጊዜ ሰጡን። ትምህርታችን ከስድስተኛ ክፍል ያላለፈ፣ ዕድሜያችንም በመዝገብ ቤት ፋይል ስናገላብጥ ያለቀ ስለ ሆነ፣ ስሕተት ቢኖር ይታለፍልን።

ልጃችን የምትኖረው ሚኒያፖሊስ በሚባል ከተማ ነው። አማቻችን የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስዶ መኪና ተከራየ። መኪናው ግን ቤት ነው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ማቀዝቀዣ አለው፣ ይቅርታ ይደረግልንና መጸዳጃም አለው። ኤሊ ቤቷን ተሸክማ እንደምትሄድ ማለት ነው። ብዙ ፈረንጆች ጡረታ ሲወጡ እንዲህ ባለው መኪና ወራት ሙሉ አገራቸውን ይዞራሉ። ሲመሽ ለዚሁ በተሰናዳ ሜዳ ኪራይ ተከፍሎ ይቆማል፤ መብራቱ በገመድ፣ ውኃው በጎማ ይቀጠላል። ጠዋት ደግሞ ቆሻሻው በሌላ ጎማ ወደ ጉድጓድ ይለቀቃል። ይህን ሥራ ልናግዝ ብንነሣ አማቻችን "አባባ፣ ይተዉት" አለን፤ እኛም ብዙ አልተከራከርንም። ባለቤታችን በመኪናው ደጅ ቡናዋን አፈላች። በአጠገባችን የቆሙ ሽበታም ባልና ሚስት በመዓዛው ተስበው መጡና በረካው ሳይደርስ አልተነሡም።

ዱሉት ከተማ ስንደርስ ሱፒርየር የተባለውን ሐይቅ አገኘን። በስፋቱ ጣናን ከሃያ ጊዜ በላይ ይበልጣል። ጠርዝ ጠርዙን ይዘን ሚቺጋን ውስጥ ሃንኮክ ከሚባል ከተማ ደረስን። የመዳቡ አገር ይህ ነው። እኛ መዳብን የምናውቀው በንጉሡ ጊዜ በነበረችው ቀይ ሳንቲም ነው። እዚያ ግን ንጹሑ መዳብ ሳይነጠር እንዲሁ በቋጥኝ ውስጥ ተጋድሞ ይገኝ ነበር። ነጮች ሳይመጡ በሺሕ ለሚቆጠሩ ዓመታት የአገሩ ተወላጆች ይቆፍሩት ነበር ይባላል።

ኩዊንሲ የተባለው ማዕድን በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1846 ጀምሮ ሲሠራ ኖሮ በ1945 ተዘጋ። ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው። ሄልሜት አድርገው በትራክተር በሚጎተት ጋሪ ወደ ተራራው ሆድ አስገቡን። በደጅ በጋ ነበር፤ ውስጡ ግን እንደ ጮቄ ይበርዳል። ጉድጓዱ ሰያፍ ሆኖ ከ2,800 ሜትር በላይ ይወርዳል ሲሉን፣ ከደጀን ወደ ዓባይ ስንወርድ ጆሯችን የሚደፈነው ትዝ አለን። ሥራው ሲቆም ፓምፑም ስለ ቆመ፣ ከገባንበት በታች ያለው ሁሉ ውኃ ሞልቶታል። አስጎብኚዋ መብራቱን አጥፍታ ጨለማውን አሳየችን። ባለቤታችን ማማተብ ጀመረች።

ድንጋዩን የሚሰረስረውን መኪና ድሮ ሁለት ሰዎች ይይዙት ነበር። በኋላ ኩባንያዎቹ አንድ ሰው ብቻ የሚይዘው አመጡ። ሠራተኞቹ ይህን ጠሉት፤ አንዱ ቢጎዳ ማን ይጮኽለታል? ስሙንም "ባልቴት አድራጊ" አሉት። በዚህም፣ በደመወዝም፣ በሥራ ሰዓትም ምክንያት በ1913 በፈረንጅ አድማ መቱ።

ከዚያ ካሉመት ወደሚባለው ከተማ ሄድን። በሜዳ ላይ አንድ የድንጋይ ቅስት ብቻውን ቆሟል። የጣሊያኖች መረዳጃ ማኅበር አዳራሽ በር ነበር። የእነሱም እድር ማለት ነው። በእኛ ታኅሣሥ 15 ቀን 1906 ዓ.ም. ለፈረንጅ ገና ዋዜማ፣ የአድመኞቹ ልጆች ከረሜላና ስጦታ ሊቀበሉ በፎቁ ላይ ተሰበሰቡ። (ዐፄ ምኒልክ ካረፉ በ12ኛው ቀን ነው፤ የእሳቸውም ሞት ለሕዝብ ሳይነገር ቆይቷል።) አንድ ሰው "እሳት!" ብሎ ጮኸ። እሳት አልነበረም። ሰዉ ወደ ደረጃው ሲሮጥ አንዱ በአንዱ ላይ ወደቀ፤ 73 ሰዎች ታፍነው ሞቱ፤ አብዛኞቹ ልጆች ናቸው። ማን እንደ ጮኸ እስከ ዛሬ አልታወቀም። አዳራሹ በ1984 በፈረንጅ ሲፈርስ ቅስቱን ብቻ ለመታሰቢያ አስቀሩት።

እኛን የያዘን ግን ቀብሩ ነው። አድማውን ይቃወሙ የነበሩ የከተማው ሰዎች ለሐዘንተኞቹ 25,000 ዶላር ያህል አሰባስበው ነበር። ሐዘንተኞቹ እንቢ አሉ፤ የራሳችንን ሙታን ራሳችን እንቀብራለን አሉ። ከሐምሌ ጀምሮ ደመወዝ የሌላቸው ሰዎች ናቸው እንግዲህ! መቃብሩን ማዕድን ቆፋሪዎቹ ራሳቸው ቆፈሩ፤ የሕፃናቱን ነጫጭ ሣጥን በእጃቸው ተሸክመው ሄዱ። መዋጮ ከፍሏል አልከፈለም ብሎ መዝገብ የገለጠ አልነበረም።

ከቅስቱ ሥር ቆመን ሳለን ባለቤታችን "ያ ሰውዬ ትዝ አለህ?" አለችን።

ስሙን አንጠራም፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ድንቹ በበሽታ ተበላሽቶበት የስምንት ወር ውዝፍ እያለበት ዐረፈ። የዚያን ጊዜ መዝገብ ያዡ እኛ ነበርን። "በደንቡ መሠረት መብቱ ተቋርጧል" ብለን ያነበብነው እኛው ነን። ጥሩምባ አልተነፋለትም፤ ድንኳኑም ከመጋዘን አልወጣም። ልጆቹ ከጎረቤት ሸራ ተውሰው በዝናብ ተቀመጡ። ደንቡን ስላልሳትን ያን ዕለት እንቅልፍ ወስዶን ነበር።

ስለዚህ ለዛሬው ጉባኤ አንድ ሐሳብ በጽሑፍ አቅርበናል። ውዝፍ ያለበት አባል ሲሞት ጥሩምባው ይነፋ፣ ድንኳኑ ይውጣ፣ ውዝፉ ከዐርባው በኋላ ከቤተሰቡ ጋር ይታይ የሚል ነው። ገንዘብ ያዣችን "ሣጥኑ ባዶ ይቀራል" ማለታቸውን ሰምተናል፤ ሥጋታቸው ከንቱ አይደለምና ጉባኤው ይነጋገርበት። የዚያን ሰው የስምንት ወር ውዝፍ ግን ዛሬ ጠዋት ከፍለናል። ደረሰኙ በእሱ ስም ተጽፏል።