ምቱን ማን ይምራ? ዲጂታል ሸክላንና የመድረክ ሙዚቃ ሶፍትዌርን ስለ ማጣመር



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ሲሰሙት የሱቅ ጥያቄ ይመስላል። በሸክላ የሚጫወት ዲጄ እንደ ኤብልተን ላይቭ ካለ የመድረክ ሙዚቃ ሶፍትዌር ጋር አጣምሮ ለመሥራት ቢፈልግ የትኛውን የዲጂታል ሸክላ ሶፍትዌር ይምረጥ? ጥያቄውን ከተማሪዎቻችን ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠበቀው መልስም የአንድ ምርት ስም ብቻ ነው። ከጥያቄው በስተ ጀርባ ግን ሙዚቀኞች በአንድነት መጫወት ከጀመሩ ጀምሮ ያለ ሌላ ጥያቄ ይገኛል፤ እርሱም «ምቱን የሚመራው ማን ነው?» የሚለው ነው። ይህን ሳይመልስ ሶፍትዌር የሚመርጥ ሰው ምርጫውን ለሶፍትዌሩ አምራች አሳልፎ እንደ ሰጠ ይቆጠራል። በዚህ ንግግሬ በመጀመሪያ የሁለቱን መሣሪያዎች ጠባይ፣ ቀጥሎ የሚጣመሩባቸውን መንገዶች፣ በመጨረሻም የምርጫውን መመዘኛዎች አቀርባለሁ።

፩. መርፌው የሚያነበው ምንድን ነው?

ዲጂታል ሸክላ የምንለው ሥርዓት ሦስት ነገሮች አሉት፤ ልዩ ሸክላ፣ የድምፅ ካርድና ሶፍትዌር። በሸክላው ላይ የተቀረጸው ሙዚቃ ሳይሆን የጊዜ ኮድ ነው። በድምፅ ማጉያ ብንሰማው ወጥ የሆነ ቀጭን ጩኸት ብቻ ነው። በሴራቶ ሸክላ ላይ ይህ ጩኸት በሰከንድ 1,000 ዑደት አለው። ሸክላው በደቂቃ 33 ከ1/3 ጊዜ ስለሚዞር አንድ ዙር 1.8 ሰከንድ ይፈጃል፤ ስለዚህ መርፌው በእያንዳንዱ ዙር 1,800 ዑደቶችን ያነባል ማለት ነው።

ሶፍትዌሩ ከዚህ ጩኸት ሦስት ነገሮችን ይረዳል። ዑደቱ ሲፈጥን ወይም ሲዘገይ የእጁን ፍጥነት ያውቃል። በግራና በቀኝ ያሉት ድምፆች በሩብ ዑደት ተበላልጠው ስለ ተቀረጹ የትኛው እንደሚቀድም አይቶ ሸክላው ወደ ፊት ወይስ ወደ ኋላ እንደሚሄድ ይለያል። በድምፁ ከፍታና ዝቅታ ውስጥ ከተሰወረው ቁጥር ደግሞ መርፌው በሸክላው ላይ የት ቦታ እንዳረፈ ያነባል። በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ዘፈን እነዚህን ሦስቱን ተከትሎ ይሄዳል። ዲጄው ሸክላውን በጣቱ ሲያቆመው ዘፈኑ ይቆማል፤ ወደ ኋላ ሲጎትተው ዘፈኑም ወደ ኋላ ይጎተታል።

ይህ ሥርዓት ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ «ፋይናል ስክራች» በተሰኘው ምርት ነው። በ2004 የኒው ዚላንዱ ሴራቶ ከሬን ኩባንያ ጋር «ስክራች ላይቭ»ን አወጣ፤ ቀጥሎም የበርሊኑ ኔቲቭ ኢንስትሩመንትስ «ትራክተር ስክራች»ን አቀረበ። ዓላማው አዲስ የእጅ ጥበብ መፍጠር አልነበረም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኒው ዮርክ ብሮንክስ ያደገውን፣ እነ ኩል ኸርክና ግራንድማስተር ፍላሽ መሠረቱን የጣሉለትን ጥበብ ከሸክላ ሣጥን ሸክም ነጻ አውጥቶ ማቆየት ነበር። በመሆኑም ዲጂታል ሸክላ በጠባዩ ወግ ጠባቂ ነው፤ ሥልጣኑን ለሰው እጅ ይሰጣል።

፪. ወደ ኋላ የማይሄድ ሰዓት

ኤብልተን ላይቭ በ2001 ከዚያችው በርሊን ሲወጣ የተነሣው ከተቃራኒው ሐሳብ ነው። በላይቭ ውስጥ አንድ ሰዓት አለ። የተቀዳው ድምፅ ሁሉ፣ ሉፑም፣ ሲንተሳይዘሩም፣ ከበሮውም ለዚያ ሰዓት ይገዛል። የድምፁ መጠነ ከፍታ ሳይለወጥ ፍጥነቱ እንዲረዝም ወይም እንዲያጥር ይደረጋል። ተጫዋቹ ቁልፍ ሲጫን ድምፁ ወዲያውኑ አይነሣም፤ የሚቀጥለው ሐረግ መጀመሪያ እስኪደርስ ይጠብቃል። በዚህም ምክንያት አንድ ሰው ብቻውን እንደ ሙሉ ባንድ ሊጫወት ይችላል።

የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ሸክላ ይቆማል፣ ወደ ኋላም ይሄዳል። ሰዓት ግን ወደ ኋላ አይሄድም። ዲጄው ስክራች በሚያደርግባት ቅጽበት የሸክላው ፍጥነት ዜሮ ይሆናል፣ ከዜሮም በታች ይወርዳል። ላይቭ ይህን ፍጥነት እንደ ምት መሪ ልከተል ቢል ባንዱ ሁሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ሁለቱን የሚያጣምር ማንኛውም መንገድ የእጁን እንቅስቃሴና የሰዓቱን ጉዞ በአንድ ቦታ መለየት ግድ ይሆንበታል። መንገዶቹ የሚለያዩት ይህን መለያ የት ላይ በማድረጋቸው ነው።

፫. የማጣመሪያ መንገዶች

የመጀመሪያውና አንጋፋው መንገድ የሚዲ ሰዓት ነው። ሚዲ በ1983 የወጣ ስምምነት ሲሆን ለእያንዳንዱ ሩብ ኖታ 24 ትርታዎችን ይልካል። በደቂቃ 120 ምት ባለው ሙዚቃ በሁለት ትርታዎች መካከል ያለው ጊዜ 20.8 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ሰዓቱ «ፍጥነቱ ይህን ያህል ነው» ብሎ አይናገርም፤ ተቀባዩ የትርታዎቹን ርቀት ለክቶ ይገምታል። ትርታዎቹ ትንሽ ከተዛነፉ ግምቱም ይዛነፋል። መሪና ተከታይ በግልጽ የተለዩበት መሆኑ ግን ጥቅሙ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ሁለቱ ኩባንያዎች ተስማምተው የሠሩት ድልድይ ነበር። ሴራቶና ኤብልተን በ2010 «ዘ ብሪጅ» የተባለውን ይፋ አደረጉ። ዲጄው የላይቭን የሥራ ፋይል እንደ አንድ ዘፈን በሸክላው ላይ ጭኖ ክፍሎቹን ለየብቻ ሊያስነሣና ሊያጠፋ፣ የራሱንም ቅንብር ወደ ላይቭ ፋይል ሊለውጥ ይችል ነበር። በሐሳብ ደረጃ ለዛሬው ጥያቄያችን ከዚህ የተሟላ መልስ አልተሰጠም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ስክራች ላይቭ በሴራቶ ዲጄ ሲተካ ድልድዩ አብሮ አልተሻገረም። ሥራቸውን በእርሱ ላይ የመሠረቱ ሙዚቀኞች አሮጌውን ኮምፒውተር እንደ ቅርስ ከመጠበቅ ወይም አጨዋወታቸውን ከመለወጥ ሌላ ምርጫ አልቀረላቸውም። ከዚህ ታሪክ የምንማረውን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሦስተኛው በ2016 የወጣው ኤብልተን ሊንክ ነው። ሊንክ በአንድ የአካባቢ መረብ ላይ ያሉ፣ ወይም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን በፍጥነት፣ በምትና በሐረግ ውስጥ ባላቸው ቦታ ያስማማል። ሲወጣ ድምፅ አያስተላልፍም ነበር። ቋሚ መሪም የለውም፤ ከተሳታፊዎቹ ማንም ፍጥነቱን ቢለውጥ ሌሎቹ ይከተሉታል። ትራክተርም ሴራቶም ተቀብለውታል። ነገር ግን ዘፈኑ ከሊንክ ጋር በተቆራኘ ጊዜ የሸክላ ማጫወቻው ፍጥነት መቆጣጠሪያ በቴምፖው ላይ ያለው ሥልጣን ይቀራል። ዲጄው ዋጋውን የሚከፍለው እዚህ ላይ ነው፤ ሥርዓቱን የመረጠበትን ነጻነት ለመግባባት ሲል አሳልፎ ይሰጣል።

አራተኛው በ2021 በላይቭ 11 የመጣው የቴምፖ ተከታይነት ነው። ላይቭ ከውጭ የሚገባውን ድምፅ እያዳመጠ የራሱን ሰዓት ከዚያ ጋር ያስተካክላል። እዚህ ላይ ግንኙነቱ ተገለበጠ፤ ማሽኑ ሰውን ለመከተል ሞከረ። የጠራ የከበሮ ምት ሲያገኝ ይሳካለታል፤ ምቱ ሲድበሰበስ ይደናገራል። ስለዚህ ተከታዩ እንዲሰማ የሚፈቀድለት ድምፅ ስክራቹ ሳይሆን ከሥሩ የሚሄደው ከበሮ መሆን አለበት።

፬. የእኛ ሸክላዎች

ጉዳዩ እኛን በቀጥታ የሚነካበት ቦታ አለ። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ ሪከርድስን ከመሠረተ በኋላ በነበሩት ዓመታት አዲስ አበባ ላይ የታተሙት ሸክላዎች በሰዎች እጅ፣ ያለ ሰዓት ቆጣሪ የተቀረጹ ናቸው። ከመግቢያው እስከ መዝጊያው ምቱ ይፈጥናል፣ ይረግባል። ይህ ጉድለት ሳይሆን የሙዚቃው ትንፋሽ ነው። የዲጄ ሶፍትዌሮች ግን ከሞላ ጎደል የተሠሩት ወጥ ፍጥነትና አራት ምት ላለው የዳንስ ሙዚቃ ነው። በችክችካ ምት የሚሄድ ዘፈን ሲሰጣቸው በደቂቃ 120 የሆነውን 180 ወይም 90 ብለው ሊያነቡት ይችላሉ፤ ምቱ በሦስት መከፈሉን አያውቁምና።

እንዲህ ያለውን ዘፈን በሊንክ አስገድደን ብናስር ሶፍትዌሩ የከበሮውን ትንፋሽ እየቆረጠና እየቀጠለ ወደ ወጥ መስመር ይመልሰዋል። የተማሪው ሥራ ይህን ይፈልግ ይሆናል፤ ሲፈልገው ግን አውቆ ይሁን። እኔ የምመክረው እንዲህ ባሉ ሸክላዎች ጊዜ ዘፈኑን ከቁርኝት ነጻ አድርጎ፣ ምቱን በእጅና በጆሮ እያገናኙ መጫወትን፣ ላይቭንም በጣት መታ መታ እያደረጉ ማስከተልን ነው።

፭. የምርጫው መመዘኛዎች

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» እንደ ተባለው የታዋቂ ዲጄን ዕቃ አይቶ መግዛት አያዋጣም። ሦስት ጥያቄዎችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በሥራህ ውስጥ ምቱን የሚመራው ማን ነው? ስክራች ዋናው ከሆነ እጅ ይምራ፤ የሸክላውን ስሜት በታማኝነት የሚመልስ ሶፍትዌር ይመረጥ፣ ላይቭም ይከተል። የምትሠሪው ሉፖችን መደራረብና ማዋሐድ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱ ይምራ፤ ሊንክን በደንብ የሚደግፍ ይመረጥ።

ሁለተኛ፣ መዘግየቱ ምን ያህል ነው? የድምፅ ካርዱ ማቆያ 512 ናሙና ሲሆን በተለመደው 44,100 ናሙና በሰከንድ መግቢያውና መውጫው በድምሩ 23 ሚሊሰከንድ ያህል ያዘገያሉ። ድምፅ በአየር ውስጥ በዚህ ጊዜ ስምንት ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ዲጄው የገዛ እጁን ድምፅ ከስምንት ሜትር ርቀት እንደሚሰማ ማለት ነው። በ128 ናሙና ርቀቱ ወደ ሁለት ሜትር ይጠጋል። ላይቭ ብዙ የድምፅ ማቀነባበሪያ ሲጫንበት ሰፊ ማቆያ ይፈልጋል፤ ሸክላው ጠባብ ይፈልጋል። በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለቱ በአንድ አንጎለ ኮምፒውተር ይሻማሉ። መግቢያና መውጫዎቹንም መቁጠር ይገባል፤ ሁለት ማጫወቻዎች አራት መግቢያና አራት መውጫ ይይዛሉ፣ ላይቭ ቢያንስ ሁለት ተጨማሪ መውጫ ይሻል። በዊንዶውስ ላይ ብዙ የድምፅ ካርድ ድራይቨሮች በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም ብቻ ማስተናገዳቸውም አይዘነጋ። አቅም በፈቀደ ጊዜ ሁለት ላፕቶፕ በሊንክ ተገናኝተው በአንድ ሚክሰር ላይ ቢገናኙ ሥራው ይቀላል።

ሦስተኛ፣ አምራቹ ነገ ቢያቆመው ምን ይቀርልሃል? የዘ ብሪጅ ታሪክ የሚያስተምረው ይህንን ነው። ትስስሩ በጠበቀ መጠን አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞ ይወድቃል። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ያሉት ለዚህም ይሠራል። በውጭ ምንዛሪ ፈቃድ መግዛት ለሚከብደው ተማሪ ነጻ ሶፍትዌሮች አሉ። በ2001 ከአንድ የዶክትሬት ጥናት የተወለደው ሚክስ እና በሊነክስ ላይ የሚሠራው ኤክስዋክስ ከሌሎች አምራቾች የጊዜ ኮድ ሸክላዎች የተወሰኑትን ያነባሉ፤ ምንጫቸውም ክፍት ስለሆነ ለምርመራና ለጥናት ይመቻሉ። ለዩኒቨርሲቲ ይህ ከዋጋው በላይ ዋጋ አለው፤ ተማሪው መሣሪያውን መጠቀም ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚያስብ ሊያነበው ይችላልና።

የእኔ አቋም በአጭሩ ይህ ነው። ሁለቱ ሶፍትዌሮች በላላ ማሠሪያ ይገናኙ፤ ድምፃቸው በሚክሰር ላይ ይገናኝ፣ ፍጥነታቸው ሲያስፈልግ በሊንክ ይስማማ፣ የሐረጉን መግጠም ግን ጆሮ ይፍረድ። በጆሮው ምት ማገናኘት የሚችል ተማሪ ድልድዩ ቢፈርስ ይሻገራል። በሶፍትዌሩ ብቻ የሚያገናኝ ግን ኩባንያው ባሻሻለ ቁጥር አዲስ ተማሪ ይሆናል። ስለዚህ በፋኩልቲያችን የተግባር ትምህርት ውስጥ ማቆራኛውን ቁልፍ ከማስተማራችን በፊት ጆሮን እናስተምር ስል ሐሳቤን አቀርባለሁ። ጥያቄና ተቃውሞ ያላችሁ መድረኩ የእናንተ ነው።