በጁባ የአዋላጅነት ተማሪ በቤቷ፣ በባልንጀሮቿና በሕሙማን አልጋ መካከል

(ለመምህራን ማኅበር ጉባኤ የተነገረ)



ይህ ንግግር በነጭ ዓባይ ዳር ስላለችው ስለ ጁባ ከተማና በዚያ ስለሚሠለጥኑት የአዋላጅነትና የአስታማሚነት ተማሪዎች ነው። መምህራንን ከአዋላጅ ጋር ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር መልሱ ሩቅ አይደለም። የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪም እንደ አዋላጅዋ ሁሉ ሙያውን ከመጽሐፍ ጀምሮ በሕያው ሰው ፊት ቆሞ ይፈጽመዋል፤ ሁለቱም ገና ተማሪ ሳሉ የሠራተኛ ሸክም ይጫንባቸዋል፤ ሁለቱም ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ የሚጠራቸው ቤት አላቸው። ልዩነቱ፣ በልምምድ ክፍል የተሳሳተ መምህር ስሕተቱን በነጋታው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ማረም ሲችል፣ የአዋላጅ ስሕተት እስኪነጋ የማይቆይ መሆኑ ነው።

ደቡብ ሱዳን ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ነጻነቷን ስታውጅ ከወረሰቻቸው ዕዳዎች ሁሉ ከከባዶቹ አንዱ በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት እናቶች ብዛት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 የተደረገ የቤተሰብ ጤና ጥናት ከ100,000 ሕያው ልደት 2,054 እናቶች እንደሚሞቱ አስታወቀ፤ ይህም በዓለም ላይ ከተመዘገቡት እጅግ ከፍተኛ ቁጥሮች አንዱ ነበር። በነጻነቱም ወራት በመላ አገሪቱ የነበሩት በሕግ የተመዘገቡ አዋላጆች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በለንደን በሕፃናት ሆስፒታል የአስታማሚነትን ሙያ ተምረው በ1931 ዓ.ም. የተመረቁት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. በነቀምት ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም ማረፋቸውን የሚያስታውስ ሰው፣ ዕውቀትም ማዕረግም ባለበት ቤት እንኳ ይህ ሞት እንዴት እንደሚገባ ያውቃል። አዋላጅ በሌለበት መንደር ያለውን ነገር መገመት አያዳግትም።

ይህን ለመለወጥ ከታሰቡት ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው የጁባ የነርሶችና የአዋላጆች ኮሌጅ ነው። ትምህርቱ የ3 ዓመት ዲፕሎማ ሲሆን፣ የሕሙማን ልምምዱ የሚፈጸመው በጁባ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በ2005 ዓ.ም. ክረምት ተመረቁ። በዚያች አገር በአንድ ክፍል የሚሰበሰቡ ወጣቶች ያደጉበት ስፍራ እጅግ የተራራቀ ነው። አንዱ በካርቱም በዓረብኛ ተምሯል፤ ሌላው በኡጋንዳ ወይም በኬንያ በስደተኞች ሰፈር በእንግሊዝኛ ተምሯል፤ በጋምቤላ ሰፈሮች ያደገ እንደ ሆነ አማርኛ ጭምር ይሰማል። መማሪያው እንግሊዝኛ ሲሆን፣ በምጥ የተያዘችው ሴት ግን የምትጮኸው በጁባ ዓረብኛ፣ በባሪ፣ በዲንቃ ወይም በኑዌር ቋንቋ ነው።

እስቲ የአንዲትን ተማሪ ሌሊት በአሳብ እንከተል ቢባል ነገሩ ይገለጣል። ማታ በወሊድ ክፍል ተረኛ ናት። ምጥ በተያዘችው ሴት ሆድ ላይ ጎንበስ ብላ በየግማሽ ሰዓቱ የፅንሱን የልብ ትርታ ታዳምጣለች፤ በየ4 ሰዓቱ የማኅፀኑን አፍ መከፈት ትለካለች፤ ያየችውን ሁሉ በምጥ መከታተያው ሰንጠረዥ ላይ ትጽፋለች። ሕፃኑ እንደ ተወለደ በ1 ደቂቃ ውስጥ ማኅፀንን የሚያጠብቀውን የኦክሲቶሲን መርፌ ለእናቲቱ ትወጋለች። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ሥራው ያለቀ የሚመስለው ለማያውቅ ሰው ነው። እናት ደም ፈሷት የምትሞተው ብዙ ጊዜ በዚሁ ሰዓት ስለ ሆነ፣ ተማሪዋ በየሩብ ሰዓቱ የእናቲቱን ሆድ ዳስሳ ማኅፀኑ እንደ ጠነከረ ማረጋገጥ አለባት። ለዚህ ለመጨረሻው ሥራ የሚያስፈልገው ጥበብ ብዙ አይደለም፤ ነቅቶ መቆየት ነው። እንቅልፍም እጅግ የሚከብደው በዚሁ ሰዓት ነው።

ሲነጋ ይህች ልጅ የምትሄደው ወዴት ነው? በአዳሪ ቤት ያለች እንደ ሆነ አልጋዋ ቅርብ ነው። ከቤት የምትመላለስ እንደ ሆነች ግን ሌላ ሥራ ይጠብቃታል። በጁባ ብዙው ሰፈር ውኃ የሚያገኘው ከወንዙ እየቀዱ በሚዞሩ ቦቴ መኪናዎች ነው (በከተማይቱ የውኃና የሆቴል ንግድ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ብዙ ተሳትፈውበታል)፤ ቦቴው ሲመጣ ጀሪካን ይዞ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ሴት ልጅ ናት። ሌሊቱን ስታዋልድ ማደሯ ከዚህ ሥራ ነጻ አያወጣትም።

በአማርኛ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች የሚለው ተረት ድፍረትን ለመንቀፍ ይነገራል። የአዋላጅነት ተማሪ ግን በየዕረፍቷ ወደ ቤት ስትመለስ ይህንኑ ቃል በቃል ለማድረግ ትገደዳለች። አንድም ቀን ያላማጠች ልጅ፣ ስምንት የወለደችውን አክስቷን «በቤት አይውለዱ፤ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ» ስትላት የሚነሣው ሳቅና ቁጣ ቀላል አይደለም። ዝም ብትል ሙያዋን ከዳች፤ ብትናገር ዘመድን ደፈረች። ማሠልጠኛው ማኅፀን እንዴት እንደሚዳሰስ ሲያስተምር፣ አክስት እንዴት እንደምትለመን ካላስተማረ ትምህርቱ ጎደሎ ነው ሊባል ይችላል። መምህራንም በየገጠሩ ተመድበው ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት የማይሰዱ ወላጆችን ሲያግባቡ የሚገጥማቸው ይኸው ችግር ነውና ነገሩ አይጠፋቸውም።

ከዚህ የሚከብድም አለ። በደቡብ ሱዳን ብዙ ሕዝቦች ዘንድ ጋብቻ በከብት ጥሎሽ ይፈጸማል። ለችግረኛ ቤተሰብ ያ ከብት የወንድሞች ትዳር፣ የክፉ ቀን ስንቅ ማለት ነው፤ ስለዚህ ሦስት ዓመት ጠብቁ ማለት ለአባት የሚከብድ ቃል ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ነጭ ልብስ መልበሷን ያዩ ዘመዶች ደመወዝተኛ የሆነች ይመስላቸዋል፤ የታናሽ ወንድም የትምህርት ገንዘብ፣ የታመመ አጎት መድኃኒት ከእርሷ ይጠየቃል። ለቅሶም እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ ቀናት የሚፈጅ፣ መቅረቱም የማይረሳ ነው። «ቤትሽን ከግቢው በር ላይ ትተሽ ግቢ» የሚል ዳይሬክተር ተማሪዋን ያጣል፤ ለጠየቀች ሁሉ ፈቃድ የሚሰጠውም በሽተኛዋን ያጣል። የመጀመሪያው ስሕተት ጥብቅነት፣ ሁለተኛው ርኅራኄ ስለሚመስል ሁለቱም ብዙ ዘመን ሳይታረሙ ይኖራሉ።

ባልንጀርነትን በሚመለከት ደግሞ ጁባ ከሌሎች ከተሞች የተለየ ነገር አይታለች። የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን ከወጡ ጥቂት ወራት እንዳለፈ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. በከተማይቱ ጦርነት ተነሣ። ሰው በጎሣው እየተለየ ተገደለ፤ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሰፈሮች ሸሸ፤ ሆስፒታሉ በቁስለኛ ተሞላ። በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. መጀመሪያም ውጊያው ወደ ከተማይቱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በአንድ ክፍል ጎን ለጎን መቀመጥ ራሱ የሚያሳስብ ነገር ሆነ። አብራህ የምታጠናው ልጅ ወንድም የትኛው ወገን ውስጥ ነበረ ብሎ መጠየቅ ለማንም ሰው የሚመጣ አሳብ ነው።

ነገር ግን የወሊድ ክፍል ሥራ ለዚህ ጥያቄ ፋታ አይሰጥም። የኑዌር ሴት ስታምጥ የዲንቃ ተማሪ ቃሏን ሳትረዳ ልትረዳት አትችልም፤ የሚተረጉምላት ባልንጀራ ያስፈልጋታል። ነገ ደግሞ አስተርጓሚ የምትሻው ያችኛዋ ናት። በዓረብኛ የተማረው የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ከኬንያ ከመጣው ጋር ያጠናል፤ ከኬንያ የመጣው የገበያውን ዓረብኛ ከዚህኛው ይማራል። እንዲህ ያለው ባልንጀርነት በስብከት የመጣ ሳይሆን በሥራ የተፈተለ ስለ ሆነ ጠንከር ይላል። ስለዚህ ተረኞችን በአገር ልጅነት አጣምሮ መመደብ ለጊዜው ጸጥታ የሚሰጥ ቢመስልም ከዚህ ጥቅም ያራቁታል፤ መምህሩ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነው።

ቤትን ፈጽሞ ትቶ መማር ምን እንደሚያስከፍል የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ፤ መነሻውም ኢትዮጵያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1985 እና በ1986 ከኢትዮጵያ የስደተኞች ሰፈሮች ወደ 600 የሚሆኑ የደቡብ ሱዳን ልጆች ወደ ኩባ ተላኩ። በወጣቶች ደሴት በስፓኒሽ ቋንቋ ተማሩ፤ ከነርሱም አንዳንዶቹ ሐኪሞች ሆኑ። የአገራቸው ጦርነት ግን አላቆመም፤ መመለሻ አጡ። ብዙዎቹ ወደ ካናዳ ተሻገሩ፤ በዚያም የሕክምና ማስረጃቸው ስላልሠራላቸው በአልበርታ በብሩክስ ከተማ በሥጋ ፋብሪካ የተቀጠሩ ነበሩባቸው። በኋላ ከሐኪሞቹ 15 ያህሉ በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ሙያቸውን አድሰው፣ ከሕፃንነታቸው ወዲህ ከሃያ ዓመት በኋላ ሕዝባቸውን ለማከም ወደ ደቡብ ሱዳን ተመለሱ። ትምህርቱ ተገኘ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ቤት የሆናቸው ግን አብሯቸው በመርከብ የሄደው የክፍል ጓደኛ ነበር። ማንም ትምህርት ቤት ይህን ያህል ዋጋ እንዲያስከፍል አይመኝም።

በኢትዮጵያ የተሞከሩት መንገዶች የተለዩ ናቸው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን በአንድነት አሠልጥኖ፣ በጤና ጣቢያ አብረው እንዲሠሩ ያደርግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ደግሞ ተማሪዎቹን ከገጠር መልምሎ፣ ሲመረቁ ወደ መጡበት አገር ይመልሳቸዋል፤ ቤቷን የምታውቅ አዋላጅ አክስቷን ማግባባት ይቀላታልና።

የቀረው ጉዳይ ትንሽ ይመስላል፤ የወረቀት ጉዳይ ነው። የሌሊት ተራውን የሆስፒታሉ ሹም፣ የፈተናውን ቀን የኮሌጁ መምህር፣ የቤት ፈቃዱን የአዳሪ ቤቱ ኃላፊ እየብቻቸው የሚጽፉ ከሆነ፣ አንዲት ተማሪ ሦስት ሌሊት አድራ በአራተኛው ጧት ለፈተና ትቀመጣለች፤ ይህን ያደረገባት ሰው ግን ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። በየወቅቱ መጀመሪያ ሦስቱ ለአንድ ሰዓት በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡና ሦስቱን ወረቀት አንድ ቢያደርጉት ይበጃል። በሰንጠረዡም ግርጌ አንድ መስመር ይጨመር፤ ለለቅሶ የምትሄድ ተማሪ በእርሷ ፈንታ የምታድረውን ባልንጀራዋን ስም የምትጽፍበትና ኃላፊዋ ነርስ የምትፈርምበት ይሁን። ከለቅሶ የተመለሰችው በሦስተኛው ቀን ማታ ተራዋን ትገባለች፤ ያደረችላትም ያን ሌሊት ትተኛለች።