ስለ ኦክሲጅኑ ጉዳይ በእድራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



በሰፈራችን ኦክሲጅን ታዞላቸው ከሆስፒታል ወደ ቤት የተመለሱ አባት እንዳሉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጠያቂው ብዙ ነው፤ ይኸ ደግ ነው። ነገር ግን ከበር እንደተወጣ «ኦክሲጅን ከተሰካላቸውማ አበቃ» የሚል ወሬ ይሰማል። እኛ የኮሚቴ አባላትም ስናወራው ነበርና ጥፋቱ የጋራ ነው።

ኮሮና አገራችን መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ ኦክሲጅን ሲባል የሚታየን በጣር ላይ ያለ ሰው ነው። ዘግይቶ ሆስፒታል የደረሰ ሰው ሲሞት መዘግየቱ ይረሳና ኦክሲጅኑ ይታማል።

የእኚህ አባት ሕመም ግን የሳንባ ጠባሳ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ድኖም ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። ድንጋይ ሲፈጭ የሚቦነው አቧራም ያመጣዋል፤ በአዶላና በሻኪሶ ወርቅ ሲቆፍር የኖረ ሰው አቧራውን ያውቀዋል። ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚመጣም አለ። ጠባሳ የያዘ ሳንባ ይደድራል፣ አየር ቢገባም ኦክሲጅኑን ወደ ደም በደንብ አያሳልፍም። የሚሰጠው ኦክሲጅን ጠባሳውን አያድንም፣ ይህን መደበቅ አይገባም። የጎደለውን ግን ይሞላል፤ ሰውየው ተነስተው ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ይኸ ቀላል ነገር ነው እንዴ?

በጣት ላይ በሚደረገው መለኪያ አንድ ሰው አርፎ ተቀምጦ 88 ከመቶና ከዚያ በታች ሲያሳይ፣ ሐኪሙ አረጋግጦ ብዙውን ጊዜ በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት እንዲወስድ ያዛል። መለኪያው በጥቁር ቆዳ ላይ አንዳንዴ ከእውነቱ አብልጦ ያሳያል፤ ጥቁር ሂናና የጥፍር ቀለምም ያሳስቱታል። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ «ይበርታላቸው» ብሎ ቁልፉን ማዞር ክልክል ነው።

ወደ ላይኛው አገር ለሕክምና የሚሄድም ይጠንቀቅ። ነገሌ ከ1 ሺህ 400 ሜትር በላይ ነች፣ አዲስ አበባ ግን 2 ሺህ 300 ሜትር ታልፋለች፤ በመንገድ ላይ ያለችው ቦሬ ደግሞ ከዚያም ከፍ ትላለች። ከፍ ባሉ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ እዚህ የበቃው ኦክሲጅን እዚያ ላይበቃ ይችላል። ከመነሳት በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ነው።

አሁን እሳቱን እናንሳ። ኦክሲጅን ራሱ አይነድም፣ የሌላውን መንደድ ግን ያባብሳል። ቡና ማፍላታችንን፣ ዕጣን ማጨሳችንን እናውቃለን፤ ያውም የዕጣን አገር ሰዎች ነን። እሳቸው ባሉበት ክፍል ግን ከሰልም ዕጣንም ሲጋራም አይግባ። ጭሱ ራሱ ሳንባቸውን ይጎዳል። ቡናው በጓሮ ይፈላ። አፍንጫቸው ደረቀ ተብሎም ቅቤ ወይም ቫዝሊን አይቀባ፤ ቅባት ከኦክሲጅን ጋር በቀላሉ እሳት ይይዛል።

የመጨረሻው የመብራት ነገር ነው። ቤት ውስጥ ያለው መሣሪያ ከአየር ላይ ናይትሮጅኑን እያስቀረ ኦክሲጅኑን የሚሰጥ ሲሆን የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። 350 ዋት ያህል ይበላል። በቀን 15 ሰዓት ሲሠራ በወር ከ150 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሆናል፤ ለአንድ ጡረተኛ ከባድ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መሣሪያው ይቆማል፣ ስለዚህ የተሞላ ሲሊንደር በመጠባበቂያ መኖር አለበት።

እድራችን የሚከፍለው ሰው ሲሞት ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል፣ እኛም ጸሐፊዎቹ እንዲሁ ጽፈነዋል። ድንኳንና ወንበር ለማከራየት ገንዘብ ካለን፣ አባል በሕይወት ሳለ የመብራቱን ግማሽና የአንድ ሲሊንደር ማስሞያ ለመክፈል ደንቡ ይሻሻል ብለን አቅርበናል። ድምፅ የሚሰጠው በመጪው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ሙስሊም አባሎቻችን ሰዓቱ ካልተመቻችሁ ለገንዘብ ያዡ አስቀድማችሁ ንገሩ፣ ይቀየራል። ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ።