ዋይፋይ ሲቆራረጥ ከየት እንጀምር?
(በአርብ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

  ከዳማምም ከኾበርም ለመምጣት ፈቃድ ያላገኛችሁ እዚህ ላይ አንብቡት።

ስለ ዋይፋይ ተናገሪ የተባልኩት የቴክኒክ ሰው ሆኜ አይደለም፤ የተማርኩት እስከ አስረኛ ክፍል ነው። ግን አል ነኺል በምሠራበት ቤት ክፍሌ ጣሪያ ላይ ነው፣ ራውተሩ ደግሞ ታች መጅሊስ ውስጥ። እናቴን በስልክ ለማየት ስል የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ፣ ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ አይደሉም። ዋይፋይ ከራውተሩ እስከ ስልክሽ ያለው መንገድ ነው። ኢንተርኔቱ ከውጭ ወደ ራውተሩ የሚገባው ነው። ስለዚህ ስልክሽ ላይ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ምንም ካልከፈተ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ምልክቱ አንድ ወይም ሁለት መስመር ብቻ ከሆነ ግን ችግሩ ርቀትና ግድግዳ ነው። ለመለየት ሥራ ሲያልቅ ራውተሩ አጠገብ ቆመሽ ሞክሪው። እዚያ ሠርቶ ክፍልሽ ውስጥ እምቢ ካለ፣ ማዳም ዘጋችብኝ ብለሽ አታልቅሺ፤ የዘጋብሽ ግድግዳው ነው። የቤቱ ኢንተርኔት ሲጠፋማ መጠየቅም አያስፈልግም፣ ጌም የሚጫወቱት ልጆች ቀድመው ይጮኻሉ!

የዚህ አገር ቤት ግድግዳው ወፍራም ኮንክሪት ነው፣ ውስጡ ብረት አለው። የኛ ክፍል ደግሞ ወይ ጣሪያ ላይ ወይ ከማድቤት ጎን ነው። በሩን ክፈቺ፣ ከፍሪጅና ከብረት ቁምሳጥን ራቂ፣ ወደ ደረጃው በኩል ተጠጊ። ሁለት ሦስት እርምጃ ብዙ ለውጥ አለው። ማይክሮዌቭ ሲሠራም ይረብሻል፤ ምግቡ እስኪሞቅ ጠብቂ።

ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ቤት ዋይፋዩ በሁለት ስም ይወጣል፣ አንደኛው መጨረሻው ላይ 5ጂ የሚል አለበት። ቁጥሩ ትልቅ ነው ብላችሁ እሱን አትምረጡ። እሱ ቅርብ ላለ ሰው ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን ይከብደዋል። ከሩቅ ላለነው 5 የሌለበት፣ ማለትም 2.4 የሚባለው ይሻላል።

ራውተሩን ስለማጥፋት። ብዙ ጊዜ መፍትሔው እሱ ነው፤ ግን ሳታስፈቅዱ አትንኩት። እንዲህ በሉ፦ «ማዳም፣ ኢንተርኔት ደዒፍ። ሙምኪን አጥፊ ራውተር ሸወያ?» (አጥፊ ስትሉ ማዳምን ያዘዛችኋት አይምሰላችሁ፣ በነሱ «ላጥፋ» ማለት ነው።) ከፈቀደች ከሶኬቱ ንቀሉት፣ እስከ 30 ቁጠሩ፣ ሰኩት፣ መብራቶቹ እስኪረጋጉ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ከኋላው በመርፌ የምትጫን ትንሽ ቀዳዳ አለች። እሷን በፍጹም! ስሙንም ፓስወርዱንም ታጠፋለች፣ ቤቱ በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ይቀራል፣ ከዚያ ጥፋቱ የማን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አቧራ ስትጠርጉም ቀጭኗን የፋይበር ገመድ አትጠፏት፤ ውስጧ መስታወት ነው፣ ይሰበራል።

ፓስወርድ ያልተሰጣችሁ ልጆቹን ለምናችሁ አትውሰዱ። ሲታወቅ ስልክ እስከ መቀማት ይደርሳል። ማዳምን ራሷን ጠይቁ፣ ወይም በራሳችሁ ሲም ዳታ ግዙ።

መልእክት እየሄደ ጥሪ ብቻ እምቢ ሲልም ዋይፋዩን አትውቀሱ። ሳዑዲ በ2017 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የኢንተርኔት ጥሪ ፈቅዳለች፣ ቢሆንም ሁሉም አፕ እኩል አይሠራም። በአንዱ እምቢ ካለ በኢሞ ሞክሩ። ነፃ ቪፒኤን ግን ስልኩንም ያዘገያል፣ የማን እንደሆነም ስለማይታወቅ ባንክ ወይም ሐዋላ የምትልኩበት ስልክ ላይ ባይገባ ይሻላል።

ሌላው ችግር ያለው እዚህ ሳይሆን አገር ቤት ሲሆን ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ አማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ለወራት ቆየ። ስንቶቻችን ነን ሌሊቱን ኢሞ ስንደውል ያደርነው! ጓደኛዬ ስልኬ ተበላሽቷል ብላ አዲስ ስልክ ገዛች። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው እየተገኘ የወሎው ወይም የጎጃሙ ብቻ ከጠፋ፣ ስልካችሁን አትፍቱት። በቀጥታ መስመር ደውሉ። እሱ ውድ ነው፣ ግን «ደህና ነን» የምትለዋን ቃል ለመስማት አንድ ደቂቃ ይበቃል። ለዚህ ሲማችሁ ላይ ትንሽ ረሲድ ሁልጊዜ ይኑር። ለአደጋ 911 ለመደወል ዋይፋይ አያስፈልግም፣ ይህንንም እወቁ።

ሰዓታችን ከአገር ቤት ጋር አንድ ነው። ማታ ማታ እዚህም እዚያም ሰው ሁሉ ስልክ ላይ ስለሚሆን መስመሩ ይጨናነቃል። ከቻላችሁ ቤቱ ሳይነሳ በማለዳ ደውሉ፤ እናቶቻችን እንደሆኑ ቀድመው ይነሳሉ።

የቤተሰብና የጎረቤት ስልክ ቁጥር በቃል የምታውቅ እጇን ታውጣ እስቲ? አያችሁ! ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ መጥቻለሁ። ሻይ እየጠጣን፣ ሦስት ሦስት ቁጥር ከስልካችሁ ላይ ገልብጡና ሻንጣችሁ ውስጥ አስቀምጡ።